ታኅሣሥ አሥራ ስድስት

ሰባ ሁለት ነበርን፣ ዘጠነኛ «ሐ»፤
ከላይ ቆርቆሮ እሳት፣ ከታች የለም ውኃ።
ደቻቱ አሸዋውን አንጥፎ ተኝቶ፣
የጅቡቲው ባቡር እንደ ልማዱ ዘግይቶ፣
ሚስተር ቫርጊስ ብቻ በሰዓቱ ገብቶ፣
ጠመኔውን ከሁለት ሰብሮ፣
ግማሹን ለነገ ኪሱ ውስጥ ቀብሮ፣
«ኤክስን ፈልጉ» ይላል።
አቦ! በዚህ ሙቀት ኤክስን ማን ይፈልጋል?
ከፊራ ማንጎ ገብቷል።

ከህንድ ነው አሉ። ከየቱ? ከኬረላ።
(የክፍላችን ካርታ እዚያ ጋ ነው በአይጥ የተበላ።)
አማርኛው ሦስት ቃል፦ «እሺ»፣ «ቁጭ በል»፣ «ነገ»፤
በነዚህ ሦስት ቃላት ስንቱን አሳደገ።

የሚኖረው መጋላ፣ ከዘይቱና ግቢ፤
አከራይ ነኝ ብትልም ሆናለት መጋቢ።
በረመዳን ማታ ሳምቡሳ ስትሰድለት፣
ሳህኗ ባዶ አይመለስም፤ ሁለት ሎሚ አለበት።
«ምን ብሎ እንደሚጸልይ እኔ ምን አውቄ?» ትላለች፣
«ፋኖሷ ግን ሁሌም ከአዛኑ ቀድማ ትነቃለች።»

ታኅሣሥ አሥራ ስድስት፣ ማክሰኞ ይመስለኛል፣
ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ገባ፤ የካውያው መስመር እጅ ይቆርጣል።
«ሚስተር፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ፤
ሳቅን። እሱም ሳቀ፤
ከቦርሳው አወጣ አንድ ከረጢት ከረሜላ።
«ለምኑ ነው?» ስንለው፣ «ኤክስን ላገኘ ሰው»፤
ግን ላላገኘነውም እኩል አከፋፈለው።
ሰባ ሁለት ቆጥሮ፣ ከረጢቱን አጥፎ፣
ወደ ሰሌዳው ዞረ፣
ላቡ ነጩን ሸሚዝ ጀርባው ላይ ለጥፎ።

እኛ ምን እናውቃለን? የኛ ገና፣ ገና ነው፤
ዘመኑም የካድሬ፣ እግዜርን በሹክሹክታ የምንጠራው።
ያ ሰው በዓሉን ለብሶ አርባ ደቂቃ ሲያስተምር፣
«እንኳን አደረሰህ» የሚል
ከሰባ ሁለት አፍ አንድ እንኳ አልነበር።

በስቅለት አየሁት።
ጫማውን በእጁ ይዞ ከሚካኤል ቅጽር ገብቷል፤
የሱ ፋሲካ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፣
ያለቀሰውን ለቅሶ ደግሞ ሊያለቅስ መጥቷል።
ግዕዙን አያውቀውም፤ ዜማው ሁሉ ባዳ፣
ከሰው ኋላ ቆሟል፣ እንደ ልኩ እንግዳ።
ድንገት «ኪርያላይሶን» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ፤
እሱም በእናቱ ዜማ፣ ሳይቀድም፣ ሳያልፍ፣
«ኩርየላይሶን» አለ፤
ገበያ መሐል የወንድሙን ድምፅ እንደሰማ ሰው ዋለለ።

ቄስ ሰይፈ በወይራ ትከሻውን ነኩት።
«ስምህ ማን ነው?» «ቫርጊስ።»
አልገባቸውም። ጎንበስ ብሎ አፈሩ ላይ በጣቱ
ፈረስ ሣለ፣ ጦር ሣለ፣ ከሥር ዘንዶ።
«አሃ! ጊዮርጊስ በለኛ!
አርባ ስገድ፣ ልጄ።»
ሰገደ፤ ተነሣ፤ ሰገደ።
ሠላሳ ላይ ደርሶ ሃያ አንድ ላይ ወረደ።
ያ ከሰባ ሁለት አንድ ያላጎደለ መምህር
እንባው መሐል ገብቶ ተምታታበት ቁጥር።
ከአንድ ጀመረ፣ እንደገና።

ኮንትራቱ ሲያልቅ ሄደ። በየት በኩል እንደሆነ
ዘይቱናም አልነገረችኝ፤ ሎሚዋን እያገላበጠች
«አላህ ያውቃል» አለች።

ዛሬ ያ ክፍል የኔ ነው። ማራገቢያው አይዞርም፤
ባቡሩ ሌላ ባቡር ነው፤
ደቻቱ ግን ያው ነው፣ ጎርፍ ካልመጣበት አይናገርም።
ታኅሣሥ አሥራ ስድስት፣ ጠመኔ ከሁለት ስሰብር፣
አፌ አመለጠኝና ለሰሌዳው በቀስታ
«እንኳን አደረሰህ» አልኩት።
ከፊት የተቀመጠችው ኢፍቱ ቀና አለች፦
«ለማን ነው፣ ቲቸር?»

«ለኤክስ» አልኳት። «ፈልጊው።»